አሸዋ ያልነካው ኩለር

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ የነበርነው ስድስት ነን፤ ከአገር ቤት ሊጠይቁን የመጡት የአባቴ አባት አባባ ተሰማ፣ አባቴ፣ እናቴ፣ እዚያው አቅራቢያ ካለችው አሌክሳንድሪያ በማለዳ መኪናዋን አስነስታ የደረሰችው አክስቴ ጽጌ፣ የስድስት ዓመቷ እህቴ ሊዲያ እና የአሥራ አንድ ዓመቱ እኔ። ሰባተኛ አድርጌ የምቆጥረው ኩለሩን ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር እናቴን ወደ አክስቴ ሰፈር ቤት ስናዛውራት ያ ሰማያዊ፣ ባለጎማ የበረዶ ሳጥን ከቁም ሳጥኑ ጥግ ወጣ። ክዳኑን ስከፍተው የቆየ ላስቲክና የደረቀ ሎሚ ሸተተኝ። ውስጡ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ በተለጠፈበት ነጭ ፕላስተር ላይ በአባባ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ «የባሕር ውኃ፣ ለግርማ» ይላል። ኩለሩን ገልብጬ ጎማዎቹን በጣቴ ፈተሽኩ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የለችም። እንደማትኖርም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

አባባ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከረዳታቸው ከግርማ ጋር በኮምቦልቻና በአሰብ መካከል ይመላለሱ ነበር። የአሰብን ወበቅ፣ ጫማ የሚይዘውን የቀለጠ አስፋልት፣ ጭነቱ እስኪራገፍ ሁለቱም ሱሪያቸውን ጠቅልለው እግራቸውን ባሕር ውስጥ ነክረው የሚጠብቁበትን ሰዓት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ፤ መንገዱም ቀረ። እኛ ጋ ለሦስት ወር ሲመጡ አባቴ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ቢጠይቃቸው፣ «እግሬን ባሕር ውስጥ ልንከር፤ ለግርማም አንድ ጠርሙስ ልውሰድለት» ብቻ ነበር ያሉት።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን ውቅያኖሱ ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ የአባቴ፣ የእናቴና የአክስቴ የሥራ ኦፍ የገጠመውም በአንድ ቅዳሜ ብቻ፣ አባባ ሊሳፈሩ ስምንት ቀን ሲቀራቸው ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአየሩ ጠባይ ላይ ተንጠለጠለ፤ የአየሩ ጠባይ ደግሞ የእኔ ኃላፊነት ነበር። በቤታችን ከኢንሹራንስ ደብዳቤ እስከ መድኃኒት መመሪያ ድረስ እንግሊዝኛ የሚነበበው በእኔ ነው፤ ስህተት የማልሠራ ልጅ መባልም እወድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የእናቴን ስልክ እየከፈትኩ ሙቀቱን፣ ንፋሱንና የዝናቡን ዕድል በማስመሪያ ባሰመርኩት ደብተር ላይ ስመዘግብ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዶሮው ተጠብሶ፣ ሐብሐቡ ተቆርጦ፣ ሊዲያ የዋና መነጽሯን ከቁርስ በፊት አድርጋ ሳለ፣ ሁሉም ተሰብስበው ወደ እኔ አዩ። «ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ነጎድጓድ፤ ሰማንያ ፐርሰንት» ብዬ አነበብኩ።

«ሰማንያ? ሚኪዬ፣ ምናለ ትንሽ ዲስካውንት ብታደርግልን!» አለች አክስቴ።

አባቴ ግን አልሳቀም። «ሕፃን ይዤ በነጎድጓድ ባሕር ዳር አልቆምም። ካንስል እናድርገው።»

አባባ ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ «የባሕር ሰማይና የየብስ ሰማይ ለየቅል ነው» አሉ።

«አባዬ፣ ሚኪ እኮ ዳብል ቼክ አድርጎታል» አላቸው አባቴ።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አክስቴ ልታጽናናቸው ብላ፣ «አይዞዎት አባዬ፣ ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድ» ስትላቸው፣ «እኔ የማውቀውስ ሄዷል» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን።

እናቴ ለአሸዋው የገዛችውን ምንጣፍ ሳሎን ውስጥ አነጠፈችው። ሊዲያ «ኢትስ ኖት ፌር!» እያለች በዋና ልብሷ መሐል ላይ ተቀመጠች። እኔ የሰዓቱን ልመዘግብ ስልኩን መልሼ አነሳሁና፣ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔ የዘለለውን ስም ከስክሪኑ አናት ላይ አነበብኩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ይላል። ሰባት ቀን ሙሉ ስመዘግብ የከረምኩት የራሳችንን ጣሪያ ሰማይ ነበር። የባሕር ዳሯን ከተማ ስም ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቢጫ የፀሐይ ሥዕሎች ተሞላ። ዝናብ፣ ዜሮ።

አራት ሰዓት አልሞላም ነበር። ያኔ ብናገር በሰባት ሰዓት የአባባ እግር ውኃ ውስጥ ነው። ግን «ዳብል ቼክ አድርጎታል» የሚለው የአባቴ ቃል ገና ጆሮዬ ላይ ነበር። ስልኩን አጥፍቼ ዞር ስል አባባ የሐብሐብ ሳህን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ሳህኑን ሰጡኝ።

ልክ በአምስት ሰዓት ሰማዩ አጉረመረመ፤ ዝናቡም መስኮታችንን ይደበድበው ጀመር። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባባ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው፣ «ጎበዝ፣ አተረፍከን» አሉኝ። ሐብሐቡን ሳህኑ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሲሄዱ ጠርሙሱን «ለሚመጣው ጊዜ ይቆይልኝ» ብለው ኩለሩ ውስጥ ተዉት። የሚመጣው ጊዜ አልመጣም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ዐረፉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ባሕር ደጋግሜ ሄጃለሁ። ሁልጊዜም መጀመሪያ የማየው የቦታውን ስም ነው፤ ሁልጊዜም ፀሐይ ነው።

ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም። በዚያ ቀን የነበራችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙልኝ፤ የረሳሁትን ጨምሩልኝ። ሊዲያ፣ መነጽርሽን እስከ ስንት ሰዓት አላወለቅሽም? አባዬ፣ ወደ ኤርፖርት ስትወስዳቸው መንገድ ላይ ስለ ባሕሩ ያነሡት ነገር ነበር? አክስቴ ጽጌ፣ አንቺ ደግሞ ፊት ለፊቴ ነበርሽና ይህን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አባባ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ የነበሩት የያዙትን ሐብሐብ ነው ወይስ ስልኩን?