የዘመሮው ድንኳን ተካይና የሐይቁ ሸራ

መጋቢት አምስት ቀን ነበር፤ አቦ። ሁልጊዜ እንዲህ ብዬ እጀምርና ራሴን እጠራጠራለሁ። የአቦ ዕለት ቢሆን ኖሮ ጋሽ ጌጡ ገመድ በእጃቸው አይነኩም ነበር። ማግስቱ ይሆናል። ዓመቱ ግን 2016 ነው፤ የሟች እናቴን ቤት ክዳን ለማስጠገን ወደ ትውልድ መንደሬ ዘመሮ የወጣሁበት ዓመት ስለሆነ እሱን አልስተውም።

ጋሽ ጌጡ የእድራችን ድንኳን ተካይ ናቸው። ሰው ሲሞት ከቄስ ቀጥሎ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ተራዳውን አቁመው፣ ካስማውን መትተው፣ ገመዱን ዙሪያውን እየዞሩ ይወጥራሉ። ከዚያ ሸራውን በጣታቸው መታ ያደርጉታል። እንደ ከበሮ ካልጮኸ አይለቁትም።

«ድንኳን ከላላ ለቀስተኛው ሟቹን ትቶ ድንኳኑን ያማል» ይላሉ።

እኔ ይህን አባባላቸውን ሳስታውስ አብሮት የሚመጣ ቂም ነበረኝ። በ1989 እናቴ ጌታነሽ ስታርፍ የተከሉልን ድንኳን አንድ ማዕዘኑ ላልቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ማዕዘን ሲርገበገብ ከረመ። አክስቴ «ለድሃ ሬሳ ማን ይወጥራል?» ስትል ሰማሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ፀጉሬም ሸበተ፤ ጋሽ ጌጡን ባገኘኋቸው ቁጥር ግን ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ነበር።

የዚያን ቀን ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ፣ ገብስ የታጨደበት መሬት ላይ፣ አንድ ትልቅ ቢጫና ሰማያዊ ነገር ተዘርግቶ አየሁና ጠጋ አልኩ። ጋሽ ጌጡ አጠገቡ ተንበርክከዋል። ልጃቸው ህሊና ረጅም ምሰሶ በሸራው ጠርዝ ላይ በተሰፋው ኪስ ውስጥ ትሰዳለች።

«ዊንድሰርፊንግ ይባላል ጋሼ» አለችኝ። «ሰው ሰሌዳ ላይ ይቆምና ይህን ሸራ ይይዛል፤ ንፋሱ ውሃው ላይ ይነዳዋል።»

«ውሃው የታለ?»

«ላንጋኖ ነዋ!»

ህሊና ላንጋኖ ዳር በሚገኝ መዝናኛ ሁለት ዓመት አልጋ ስታነጥፍ ቆይታለች። በቅርቡ የውሃ ስፖርቱ ክፍል ረዳት ፈለገ፤ ለእንግዶች ሸራ እየገጣጠመ የሚያቆም ሰው። ፈተናው ብቻን ሆኖ በአሥራ አምስት ደቂቃ አንድ ሸራ አዘጋጅቶ ማስረከብ ነው። አንዴ ተፈትና ወድቃለች። አሠልጣኙ አስቻለው ግን ቅልጥፍናዋን ስለወደደ አንድ አሮጌ ሸራ አውሶ፣ ተለማምዳ በሚቀጥለው ሐሙስ እንድትመለስ ነገራት። ሐሙስ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች።

ለምን እንደወደቀች ለአባቷ አልነገረቻቸውም ነበር። እሳቸው ደግሞ «ሸራ፣ ምሰሶና ገመድ ከሆነማ እኔ አለሁልሽ» ብለው ሥራዬ ብለው ተነስተዋል።

እትዬ ጥሩሸዋ፣ ጎረቤታቸው፣ ከወፍጮ ሲመለሱ ዱቄታቸውን እንዳዘሉ ቆሙ።

«ጋሽ ጌጡ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ሬሳ ሳይኖር ድንኳን መትከል ሟርት አይሆንም?»

«ለሠርግም እኮ ይተከላል!»

«በሁዳዴ?» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ፤ እየሳቁም ዱቄታቸውን አውርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሸራው ሁለት ዋና ገመድ አለው። አንዱ ከምሰሶው ግርጌ ወደ ታች ይሳባል። ሌላው ሸራውን ወደ ኋላ፣ ሰው በእጁ ወደሚይዘው ጥምዝ ዘንግ ጫፍ ይስበዋል። ህሊና የታችኛው በኃይል መሳብ እንዳለበት ስትነግራቸው ጋሽ ጌጡ ፊታቸው በራ። እግራቸውን ምሰሶው ግርጌ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን መዳፋቸው ላይ ጠምጥመው ሳቡት። ምሰሶው እንደ ደጋን ጎበጠ። በጾም አንጀት እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ። ነገር ግን የታችኛው በተሳበ ቁጥር የሸራው የላይኛው የኋላ ጠርዝ እየላላ ሄደ። ሲላላ ያዩት ጋሽ ጌጡ አላስቻላቸውም፤ የኋላውን ገመድ ያዙና ጠርዙ ቀጥ እስኪል ወጠሩት። በጣታቸው መታ አደረጉት። ጮኸ።

«ይኸውልሽ!»

ህሊና ቀስ ብላ «አባባ፣ እኔም ፈተናው ላይ እንዲሁ ነው ያደረግሁት» አለች።

«እና?»

«ጋሽ አስቻለው ይዞት ውሃ ላይ ወጣና ወደቀ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ‹እንዲህ መወጠር ማን አስተማረሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹አባቴ› ነዋ።»

እትዬ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ጌጡ ብድግ ብለው መዳፋቸውን ከሱሪያቸው ጋር አራገፉ።

«የላላ ሸራ ይዘሽ ሰው ፊት ልትቆሚ ነው? የእኔ ልጅ?»

«ሥራው እንደዚያ ነው አባባ። የላይኛው ጠርዝ መላላት አለበት። እኔ አውቀዋለሁ፤ እጄ ነው እምቢ የሚለኝ።»

ከጓሳ ደጋ በኩል የሚመጣው ንፋስ ያን ጊዜ ተነሳ። ህሊና ሸራውን ምሰሶው ግርጌ ላይ አቁማ፣ ጥምዙን ዘንግ በሁለት እጇ ያዘች። የመጀመሪያው ሽውታ እንደ በር መዝጊያ መታት። ከነሸራው ተንደርድራ ገለባው ላይ በደረቷ ወደቀች። ጋሽ ጌጡ ሮጠው አነሷት። ልብሷን አራግፋ፣ የኋላውን ገመድ አንድ ጋት ያህል ለቀቀችው። ጠርዙ እንደገና ላላ። አቆመችው። ንፋሱ መጣ፤ ሸራው ሆዱን ነፋ፣ የላይኛው ጫፍ ተርገበገበ፣ ትርፉ ኃይል በዚያ በኩል አመለጠ። ህሊና ክንዷን ዘርግታ፣ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ከቦታዋ አላነቃነቃትም።

ጋሽ ጌጡ ለረጅም ጊዜ ያን የሚርገበገብ ጫፍ አዩት።

«ፍቺውና እንደገና ብቻሽን ሥሪው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እዚህ ነኝ።» እትዬ ጥሩሸዋ አጠገብ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ምሰሶ፣ ዘንግ፣ የታችኛው ገመድ። የኋላው ገመድ ላይ ስትደርስ የህሊና እጅ ቆመ። ጋቢው ውስጥ የጋሽ ጌጡ እጅ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ተይው» አሉ።

ተወችው። አሥራ ሦስት ደቂቃ ከግማሽ።

«ዘንድሮስ ጉድ ነው» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «ጋሽ ጌጡ ላላ ያለ ሸራ አሳለፉ!»

«ሁለተኛዬ ነው» አሉ ጋሽ ጌጡ። «አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ንፋስ ሲወርድ፣ አንዱን ማዕዘን ለቅቄለት አውቃለሁ። ያን ሰሞን በደንብ የወጠርኩት የሌላ ሰው ድንኳን ከነተራዳው ወድቋል። የለቀቅሁት ሦስት ቀን ቆመ። ሦስት ቀንም ታማሁበት።» ወደ እኔ አላዩም። ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ።

የማን ድንኳን ነበር ለማለት አፌን ስከፍት እትዬ ጥሩሸዋ ስለ ገለባው ጨዋታ አነሱ፤ ጊዜው አለፈ።

ህሊና የሐሙሱን ፈተና እንዳለፈች በኋላ በስልክ ነግራኛለች፤ ዛሬ ሐይቁ ዳር የምትሠራው ሸራ በማቆም ነው። የእኔ ጥያቄ ግን በስልክ የሚጠየቅ አልነበረም።

ከፈተናው በፊት ባለው ሰኞ ማለዳ ህሊናን ልሸኝ መናኸሪያ ወረድኩ። ጋሽ ጌጡም አብረዋት ሊሄዱ ተነስተዋል፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሐይቅ አይተው አያውቁም። የተጠቀለለውን ሸራና ዘንጎቹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እያሰሩ አገኘኋቸው።

«የጌታነሽ ልጅ» አሉኝ፤ «ና፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩላቸው። ገመዱን ሦስት ጊዜ አዙረው ቋጠሩት። ፊታቸው ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰናዳው ያደርኩት ጥያቄ ነበረኝ፤ ከየት እንደምጀምረው ብቻ ጠፋኝ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ያኔ፣ የእናቴ ድንኳን...»

«ግቡ አባት፣ ግቡ!» ብሎ ረዳቱ በሩን መታ። ህሊና ከውስጥ ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸው ትከሻዬን ተደግፈው ወጡ፤ ሚኒባሱ አቧራውን እያነሳ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ታጠፈ።