የጓጉንቸሯ ሥዕል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየሄድኩ ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን ተናዝዤ፣ መስቀል ተሳልሜ እመለሳለሁ። ይህችን ግን ከጉሮሮዬ አላወጣኋትም። አሁንም ስጽፍ ፈርቻለሁ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሦስት ሆነን አንዲት ስታርታፕ፣ ትንሽ አዲስ ድርጅት፣ ጀምረን ነበር። የገበሬውን ገብስና ምስር ከገዢ ጋር እናገናኛለን። ሙሉቀን ገበያ ለገበያ ይዞራል፣ ያለምወርቅ ከገበሬዎች ጋር በስልክ ትነጋገራለች፣ እኔ የኮምፒውተሩን ሥራ እሠራለሁ። ኩራቴ ዳሽቦርዱ ነበር። ሥራው፣ መልእክቱ፣ ቀጠሮው፣ ማን የት እንዳለ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። ለሌሎች ጀማሪ ቡድኖችም ላዳርሰው አስቤ ነበር። ከየመልእክቱ ጎን ትንሽ ጓጉንቸር ሣልኩ። እሷን ከነካችሁ መልእክቱን የሚያየው የላካችሁለት ሰው ብቻ ነው አልኳቸው። ውሸት ነበር። ጓጉንቸሯ መነካቷን ትመዘግባለች እንጂ መልእክቱን ከማንም አትሰውርም። እንግዶች ሊያዩት ሲመጡ ጎዶሎ እንዳይመስልብኝ ሥዕሏን ብቻ አስቀምጬ «አልቋል» አልኩ። በኋላ እሠራታለሁ ብዬ ተውኳት። አላወቅኩም እንዳልል አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሙሉቀን ስልክ ሊያናግር ወደ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። የደወሉለት ከአገሯ ከወገዳ የያለምወርቅ አጎት ነበሩ፤ አባቷ በድንገት አርፈዋል። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ይዞ፣ ማለዳ ደርሶ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገራት። አጎቷም «እስክንደርስ እንዳትሰማ፣ አደራ» ብለውታል። ሦስታችንም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን፤ ሊያንሾካሹክልኝ አልቻለም። ስለዚህ በዳሽቦርዱ ጻፈልኝ። ጓጉንቸሯንም ነካት። አጠገቡ ነበርኩ፣ ሲነካት አይቻለሁ። ምን እንደጻፈ ገና አላነበብኩም ነበር።

ያለምወርቅ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች።

«ሙሌ፣ ‹አባቷ› ያልከው የማንን ነው?» አለች፣ በቀስታ።

 እንደገና ወደ ገጹ ዞራ የራሷን ስም አነበበች። ጮኸች። ነጠላዋን ጥላ ወደ መናኸሪያው ሮጠች፤ ሙሉቀን ተከትሏት ወጣ። እኔስ? እኔ ቀረሁ። ለምን የቀረሁ ይመስላችኋል? ሙሉቀን ሳይቆልፍ የላከው እንዲመስል መዝገቡን ከፍቼ «ለአንድ ሰው» የሚለውን «ለሁሉም» አደረግኩት። ሳደርገው እጄ አልሳተም። ከዚያ ተቀምጬ ጓጉንቸሯን በትክክል ሠራኋት። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

«እንዲህ አድርጎ ያረዳት ማነው?» አሉ አጎቷ፣ ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ።

ሙሉቀን መዝገቡን አይቶ አምኗል። «እኔ ነኝ አባቴ፤ ሳልቆልፈው ቀርቼ ነው» አላቸው። በሰልስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ተመለሰ። ድንጋዩን አንስቼ ትከሻው ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። እኔ! አጎቷ አወረዱለት፤ እሷ ግን ፊቷን አዞረችበት። እስከ ዛሬ አታናግረውም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለ።

«ቆልፌው ነበር እኮ። እንደቆለፍሁት ነው የማስታውስ። እንዳው አእምሮዬ እየሳተ ይሆን?»

«ሰው ይረሳል፣ አይዞህ» አልኩት። ከሁሉም የምፈራት ይህችን ቃሌን ነው።

ሙሉቀን ሥራውን ትቶ አባቱ ቤት ገባ። በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ከመንገድ ይመለሳል፣ መዝጋቱን ሊያይ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ጸሐፊ እንዲሆንላቸው ለመኑት። «ልቤ አይታመንም፣ ሌላ ፈልጉ» አላቸው። አጠገቡ ቆሜ ነበር።  ያለምወርቅ አሁንም ከእኔ ጋር ትሠራለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» ባለችኝ ቁጥር ታወቀብኝ እላለሁ፤ የምትጠይቀኝ ግን ስለ ምስር ነው።

ምን ልበላችሁ? እንግዶቹ አስቸኮሉኝ ልበል? ፍርሃት ነው ያሠራኝ ልበል? ፍርሃቱ የመጣው ከሠራሁ በኋላ ነው፤ ጓጉንቸሯን የሣልኩ ቀን ፍርሃት አልነበረብኝም፣ ኩራት እንጂ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ይህን ወረቀት ነገ ለሙሉቀን ይዤለት እሄዳለሁ። ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። እኔ ፊቱ ቆሜ መናገር ቢያቅተኝ እንኳ ይህችን ያንብብ፦ ሙሌ፣ አእምሮህ ደህና ነው። ቆልፈኸው ነበር።