የእትዬ ዘይነባ ድስትና የእኔ ነነዌ

ከተጉለት የወጣሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። እናቴ በአንድ በኩል በሶና ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች፣ አባቴ በሌላ በኩል ምክር ይቋጥራሉ። የእናቴ ቋጠሮ ደብረ ብርሃን ሳልደርስ ተጋመሰ፤ የአባቴ ግን እስከ ዛሬም አላለቀም። «ወደ ቆላ ነው የምትወርደው» አሉኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «እዚያ ደወል የሚደውልልህ የለም። ቀን እንዳይጠፋብህ።» አባቴ መሪጌታ ናቸው። በዓልና ጾም በየዓመቱ መቼ እንደሚውል የሚቆጠርበትን ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። «አባባ፣ ምን ነካዎት? የእርስዎ ልጅ ሆኜ ቀን ይጠፋብኛል?» አልኳቸው። ያን ጊዜ አፌን የሚይዝልኝ ሰው መጥፋቱ!

አዲስ አበባ ላይ ባቡር ተሳፈርኩ። ተሳፈርኩ ስል እንደ ጌታ ወንበር ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ፉርጎ ውስጥ፣ ቆዳ በተከመረበት፣ አንድ እግሬን አጥፌ ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አንድ ልብስ አወልቃለሁ። ቢሾፍቱ ላይ በርኖሴን፣ ሞጆ ላይ ጋቢዬን፣ አዳማ ስደርስ የቀረኝ ሱሪዬና ማተቤ ነው ማለት ይቻላል። ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ አዳማ ማለት ጣቢያው፣ ግራሩ፣ ጥቂት የነጋዴ ሱቆችና ጉሮሮ የሚከረክር አቧራ ናት። ውሃዋ እንኳ እንደኛ አገር ውሃ ጥርስ አያጠዘጥዝም፤ ለብ ብሎ ይገባና ጥርስን ያቀልማል።

ጣቢያው ላይ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ሙሴ የምንለው ከባሕር ማዶ የመጣ ፂማም ፈረንጅ፣ በሰባራ አማርኛው መረመረኝ።

«ጉልበት አለ?»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«ፈረንሳይ ቋንቋ አለ?»

«የለኝም።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«ዜማና ባሕረ ሐሳብ።»

«ይሄ ባሕር ምንድነው?»

«ቁጥር ነው፣ ጌታዬ።»

«ቦን!» አለና፣ ደግ ማለቱ ነው፣ የባቡር ጭነት ወደሚመዘንበት ላከኝ። የጆንያ ሚዛን ጸሐፊ የሆንኩት በዚህ ነው። ሙሴ እስኪሞት ድረስ ባሕሩ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

በወሩ ንዳድ፣ የቆላ ወባ፣ ጣለኝ። ከእኔ ጋር ጆንያ የሚያስመዝን ገመቹ የሚባል የሁሩታ ሰው አለ፤ አርሲ ነው፣ ትከሻው የበር ያህል ሰፊ ነው። አንጠልጥሎ ከጣቢያው ጀርባ ወደ አንዲት ጎጆ ወሰደኝ። «አካም ጅርታ፣ እትዬ?» ብሎ በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቃት። «ፈያ። ይሄን የሞተ ሰው ምን አድርጊልኝ ብለህ ነው?» አለችው። እትዬ ዘይነባን ያወቅኳት እንዲህ ነው።

እትዬ ዘይነባ የወረ ኢሉ ሰው ናት። ባሏ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ አዳማ ላይ እንደኔው ንዳድ ይዞት ሞተባት። ከጎጆዋ ጓሮ ከግራሩ ሥር ቀበረችውና «እሱን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። አንድ ክፍል፣ ሦስት ጉልቻ፣ ግድግዳውን የተጠጋ መደብ፣ አንድ ትልቅ ድስት፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ለጣቢያው ሰው ምሳ ትሠራለች። ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ምስር፣ አይብ እንጂ ሥጋ ደጃፏን አይረግጥም። ምክንያቷን ስትናገር ደስ ትላለች፦ «ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላ፣ እስላሙ የክርስቲያን አይበላ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ድስት የለኝም።» ስለዚህ ከአንድ ድስት ሁሉም ይበላል፤ እናንተ ደጋ ላይ ሆናችሁ ይህን ስትሰሙ ታማትቡ ይሆናል፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን አማትቤያለሁ።

«ያገርህ ሰው ሲታመም ምን ይቀምሳል?» አለችኝ ያን ዕለት።

«የገብስ ገንፎ» አልኳት ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ገመቹ ከሁሩታ ገብስ አስመጣ፤ እሷ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ አገንፍታ አቀረበችልኝ። መቼም ታውቃላችሁ፣ እኛ ዘንድ ገንፎ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ሌላ ነገር አይነካውም። እሷ ሆዬ ዙሪያውን እርጎ ለቀቀችበት።

«ይሄ እንዲህ አይደለም የሚሠራው» አልኩ፣ አንድ ሐሙስ የቀረኝ ሰውዬ።

«አብሽር ወንድምዓለም። አፍህ ነቀፋ ከጀመረ ልትድን ነው» አለችኝ።

እየነቀፍኩ ጨረስኩት። ዓይኔ ውሃ ሲሞላ በርበሬው ነው አልኳት። በርበሬው አልነበረም፤ እናቴ ናፍቃኝ ነው። እትዬ ዘይነባ ለመጣው ሁሉ እንዲህ ናት። ለጉራጌው ቆጮ ታስመጣለች፣ ለገመቹ ጭኮ ታሻለች፤ ሁሉንም ትንሽ አሳስታ ትሠራዋለች፣ ሁሉም እያማረረ ይጨርሰዋል።

የምትቸገረው በአንድ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብን ማንም ያውቃል፤ የቀረውን የክርስቲያን ጾም ግን እሷ ከየት ታውቀዋለች? የጣቢያው ክርስቲያንም ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ቀኑ ተምታቶበታል። እኔ ብቅ አልኩ። በየእሑዱ የጎጆዋ ምሰሶ ላይ በከሰል የሳምንቱን ምልክት አደርግላት ጀመር፤ ክብ ከሆነ ቅቤ ይገባል፣ መስመር ከሆነ የኑግ ዘይት። ሰዉም ቀኑን ከምሰሶው ያነብ ጀመር። ግማሽ ጆንያ ማንሳት የማልችለው ሰው የተከበርኩ ሆንኩ። ጎጆዎቻችን ያሉበት መሬት ባለቤት፣ ግራዝማች ውብሸት ሳይቀሩ «መሪጌታ» ይሉኛል። እኔም አይደለሁም አላልኩም። አባቴ ሠላሳ ዓመት የደከሙበትን ስም በአንድ ቁራጭ ከሰል አገኘሁት።

ከዚያ ነነዌ መጣች። ነነዌ የሦስት ቀን ጾም ናት፤ ሁልጊዜ ሰኞ ትገባለች፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን በየዓመቱ ይለያያል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ ሐሙስ ላይ ወደቀችልኝ። ነነዌ ሐሙስ እንደማትገባ ሕፃን ያውቃል። ልብ ያለው ሰው እንደገና ይቆጥራል። እኔ ግን ሞቆኝ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ደግሞም መሪጌታ ነበርኩ፤ «እንግዲያው የሚቀጥለው ሰኞ ትሆናለች» ብዬ ገፋኋት። ምሰሶው ላይ ክብ፣ ክብ አደረግኩ።

ሰኞ በቅቤ በላን። ማክሰኞም በቅቤ በላን፤ ያውም ለጋ ቅቤ መጥቶላት ስለነበር ሽሮው ከሩቅ ይጣራል። ግራዝማች ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። የአዲስ አበባው ባቡር ገብቶ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ የግራዝማች እንግዳ፣ ግራዝማችን ቤታቸው ሲያጧቸው ጠይቀው ወደ ጎጆው መጡ። እትዬ ዘይነባ አክብራ አቀረበችላቸው። ቄሱ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይህ ምንድነው?»

«ሽሮ ነው፣ አባ።»

«በላዩ ያለውስ?»

«ቅቤ ነው።»

«በነነዌ?»

 የግራዝማች ጉርሻ አፋቸው ደጃፍ ላይ ቆመ። ቀስ ብለው አወረዱትና ተነሡ።

«ሆን ብለሽ ነው! እኛን ጾም ልታስገድፊን! መሪጌታ ምልክት አላደረገልሽም?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ዘይነባም አንድ ጊዜ አየችኝ። እኔ ገበታው ላይ አቀረቀርኩ። እሷ ሄዳ ምልክቱ ያለበትን ምሰሶ በጀርባዋ ሸፍና ተደገፈችው።

«አድርጎልኛል ጌታዬ። አሳስቼ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«እስከ ቅዳሜ ጎጆሽን ከመሬቴ አንሺ!» አሉና ወጡ። ሰዉም ተከትሎ ወጣ። ከምሰሶው ስትላቀቅ ቀሚሷ ጀርባ ላይ ከሰሉ ታትሞ ነበር።

«ምነው እትዬ፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«አንተ እንጀራህ ቁጥር ነው። ቀን መቁጠር አቃተው ከተባልክ ጆንያውን ማን ያምንሃል? እኔ ድስቴን ተሸክሜ የትም እሠራለሁ።»

«የት?»

 በጓሮው በር ወደ ግራሩ ትመለከታለች። ሰው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ሲጠላ አላየሁም፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ግራዝማች ዘንድ ሄድኩ።

«ግራዝማች፣ ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አይደለህም።»

«ነኝ እንጂ።»

«ልጄ፣ ግባና አርፈህ ተቀመጥ። እሷ ከሆነች ተታለልን እንላለን። አንተ ከሆንክ ግን እኔ ምን ልባል ነው? መሪጌታ ጎኔ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ያስጨመርኩ ሰው?»

«መሪጌታም አይደለሁም፣ ግራዝማች።»

«ይሄን ደግሞ አሁን ማን ጠየቀህ!» ብለው ጮኹ። ጥቂት ተንጎራደዱ። «እንግዲያው በበላህበት ቤት፣ በበሉት ሰዎች ፊት ተናገር። እኔ አላፍርልህም።»

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሰዉ ጾሙን ሊፈታ በዚያው ጎጆ ተሰበሰበ፤ ግራዝማችና ቄሱም መጡ። ተነሣሁና ቄሱ ፊት ቁጥሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። በዚህ ቁጥር ውስጥ ለየዕለቱ የሚጨመር፣ ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለ፤ ለማክሰኞ የሚሰጠውን ትቼ የቅዳሜን ሰጥቼው ኖሯል፤ ሐሙስ ላይ የወደቀችብኝ ለዚህ ነው። «ስሕተቱ የእኔ ነው፣ እሷ ያየችው እኔ የሣልኩትን ነው» አልኩ።   መጀመሪያ ሳቁን ያፈነዳው ገመቹ ነው።

«ያ ረቢ! ዓመት ሙሉ ጆንያዬን ያስመዘንኩት ለዚህ ሰው ነው?»

ጎጆው በሳቅ ተናጋ። ግራዝማች ላለመሳቅ ፂማቸውን ያዙ። «የሆነው ሆኖ» አሉ ድምፃቸውን አክብደው፣ «ቅዳሜ ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።»

«እሺ ግራዝማች» አለ ገመቹ። «ከቅዳሜ በኋላ ምሳ የት ይበላሉ?»

ግራዝማች ድስቱን አዩ፣ እትዬ ዘይነባን አዩ፣ እንደገና ድስቱን አዩ። «የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ መቼ ተናገርኩ?» አሉና ተቀመጡ። እትዬ ዘይነባ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትስቅ ታለቅስ አላወቅኩም። ያቺ ቅዳሜ እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ቄሱም ንስሐ ሰጡን። ለበላነው ማካካሻ የሚቀጥለው ሰኞ ጀምረን ሦስት ቀን እንድንጾም አዘዙ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ያን ዓመት አዳማ ላይ ነነዌ በእኔ ቁጥር ተጾመች። ይህን ባልናገር ይሻለኝ ነበር፤ ተናገርኩና ነነዌን ከሚያውቅ ሁሉ «ዮናስ» የሚል ስም ተሸለምኩ። ስሜ ፈለቀ ነው፤ አዳማ ላይ ግን ፈለቀ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ የለም።

ታሪኩን ምንም ሳላስቀር ለአባቴ ጻፍኩ። ከብዙ ወር በኋላ መልስ መጣ፤ በእንዲህ ያለ ቀን እኔና እናትህ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት እንመጣለንና አንተም ከአዳማው ስልክ ቤት ቅረብ የሚል። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አገሬ ደርሼ ልምጣ ብዬ ፈቃድ በጠየቅኩ ቁጥር ሙሴ «አሁን ብዙ ጆንያ አለ» ይለኛል። ቀኑ ሲደርስ እትዬ ዘይነባ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችኝ፤ ድምፅ በሽቦ ሲመጣ ማየት አለብኝ ብላ።

ስልከኛው ማሽኑን ሲያሽከረክር፣ «አሎ! አሎ!» ሲል ከረመ። በመጨረሻ አቀበለኝ።

«የማክሰኞ ተውሳክ ስንት ነው?» አሉ አባቴ። ሰላምታ የለ፣ ደኅና ነህ የለ።

«አምስት።»

«አይሰማም!»

«አምስት!» ብዬ ጮኽኩ። ስልክ ቤቱ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እንዲያ ነው። ያቺ ሴት አልተባረረችም?»

«አልተባረረችም፣ አባባ። እዚሁ አጠገቤ ናት።»

«እናትህ መጀመሪያ ለእሷ ስጥልኝ ትላለች።»

ሰጠኋት። እትዬ ዘይነባ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «አለሁ እናቴ… ወላሂ ይበላል… እርጎውንማ አይወድም፣ አውቃለሁ… አልከሳም፣ ማን አለሽ… አብሽሪ… አብሽሪ እናቴ…» ደጋግማ አብሽሪ አለች። ከዚያ ስልኩን ይበልጥ ጆሮዋ ላይ ተጭና አዳመጠች። እኔ እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።

«ተቆረጠ» አለ ስልከኛው።

«መልስልኝ እንጂ!»

«የመንግሥት ወረፋ ገባ። ሌላ ጊዜ።»

ከስልክ ቤቱ ወጣን። ፀሐዩ ያቃጥላል። ጥቂት ከሄድን በኋላ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ድምጿ እንዴት ነበር?»

ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ታለቅስ ነበር» አለችኝ፤ «ድምጿን አልለየሁትም።»