የሦስተኛው ጉድጓድ ድንጋይ

በመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለው። ከጋዝ ፍለጋ ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ በየሣጥኑ እየደረደረ፣ ቁጥር እየጻፈበት ሃያ ስድስት ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ነው። ጋዝ ሊይዝ የሚችለው ጥቁሩ ድንጋይ ትኩሱን ሲመጣለት ስባሪውን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይከትና ጆሮውን ይለጥፋል። ጋዝ ካለው ይንጫጫል፤ ከሌለው ዝም ይላል። ባለሙያዎቹ ይስቁበት ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት ደጋግሞ ከእሱ ጋር ሲገጥም ሳቁ ቆመ፤ የቀረው ቅጽል ስሙ ነው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ድንጋይ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ተንጫጫ። የሦስተኛው ግን ዝም አለ። ቢያገላብጠው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጋዙ በዚያ ስንጥቅ ሾልኮ የሄደው ሰው ሳይፈጠር ነው።

የክምችቱን ግምት የሚሠራው ወጣት አለቃ ግን የመጀመሪያውን ጉድጓድ ውጤት ለአካባቢው ሁሉ አባዛው። ጋሽ ጆሮ የሦስተኛውን ጉድጓድ ሣጥን ተሸክሞ ቢሮው ድረስ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄ አንድ ሣጥን ነው» አለው አለቃው። «ሪፖርቱ ሄዷል። ለመሆኑ ጡረታ ሊወጡ ስንት ወር ቀረዎት?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው በሰላም ይውጡ።»

ዝም አይነቅዝም ብሎ ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሰ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ወንድም አልነበረውም መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሙ መጣ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳቱን ትቶ፣ ከሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ ለጋዝ ሠራተኞች የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ቆርጧል።

«ወንድም ጋሼ፣ መቼም አንተ ታውቃለህ። ጋዙ አለ አይደል?»

ጋሽ ጆሮ ጫማውን አየ። «ሪፖርቱ አለ ይላል» አለ።

ወንድሙ አገላብጦ ስሞት ሄደ። ያ መሳም እስከ ዛሬ ጉንጩን ይለበልበዋል።

ሁለት ዓመት አለፈ። አራተኛውም አምስተኛውም ጉድጓድ ባዶ ሆነና ማሽኖቹ ተነቅለው ሄዱ። አሥራ ሁለቱ ክፍሎች በር እንኳ ሳይገጠምላቸው ቀሩ። አውቶቡሱን ሌላ ሰው ይነዳዋል።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ጆሮ እንደምንም ደፍሮ ሊጠይቀው ሄደ። ወንድሙ ሰላም እንኳ ሳይለው ተነሥቶ ብርጭቆ ውኃ አመጣ። መሠረት ሲቆፈር የወጣ ጥቁር ድንጋይ ጣለበትና አቀበለው።

«አዳምጥልኝ» አለው። «ያን ቀን ሪፖርቱን አልነበረም የጠየቅኩህ።»

ከርሞ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ምንም እንደማይል ጋሽ ጆሮ ያውቃል። ቢሆንም ብርጭቆውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየ። ካወረደው የወንድሙን ፊት ማየት ሊኖርበት ነው።