ጎረቤት የተካፈለው የእንቅርት መድኃኒት

በንጉሡ ዘመን፣ የስምንት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ አንገቴ ላይ የዶሮ እንቁላል የምታህል እንቅርት አወጣሁ። ከዳባት በታች ባለችው መንደራችን ይህ ብርቅ አልነበረም። ብዙ ሴቶች እንቅርታቸውን በነጠላ ሸፍነው ውሃ ይቀዱ፣ ልጅ ይድሩ ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሌላ ቦታ ለማሾፊያ ይሆናል፤ እኛ ግን ጆሮ ደግፍ በገባ ዓመት በዓይናችን አይተነዋል። ሽማግሌዎች ጥፋቱን በወንዙ ውሃ ላይ ያላክኩ ነበር። አሞሌ ጨዉን የጠረጠረ የለም፤ እኔማ እየሰረቅሁ እልሰው ነበር።

አባቴ ቁርጥ ያለ ሰው ነበር። እንቅርት በምላጭ የሚበጣ ባለመድኃኒት በየዓመቱ ለሰኔ ሚካኤል ወደ መንደራችን ይመጣ ስለነበር፣ «ያኔ ትበጣለች» አለ። የጎረቤታችን ልጅ በቀደመው ዓመት ተበጥታ፣ ቁስሉ አመርቅዞባት ስንት ወር እንደተኛች አይቻለሁ። ምላጩን ከጅብ አስበልጬ ፈራሁት። እናቴ አልተከራከረችም፤ በገበያ ቀን እጄን ይዛ ዳባት ክሊኒክ ወሰደችኝ። የክሊኒኩን ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ቢሆንም፣ ሁላችንም «ሐኪም» ነበር የምንለው። አንገቴን ዳብሶ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ሰጠን። በቀን አንዲት ጠብታ በውሃ ሳላቋርጥ እንድጠጣ፣ ጠርሙሱም እስከ ፋሲካ እንደሚያደርሰኝ ነገረን። አባቴ እስከ ሰኔ ሚካኤል ሊታገሥ ተስማማ፤ ካልቀነሰ ግን ምላጩ አይቀርም።

መድኃኒቱ የዛገ ብረት ብረት ይላል። አፍንጫዬን ይዤ እጨልጠው ነበር። ታዲያ ገና በሁለተኛው ሳምንት ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። እናቴን ብጠይቃት «አለቀ» አለችኝ። ምስጢሩን ያገኘሁት እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነው። መድኃኒቱ ሲንጠባጠብ ቀሚሴ ላይ የሚተወውን ቡናማ ነጥብ በጎረቤታችን በእማማ ጥሩነሽ ነጠላ ላይ አየሁት። በክርስትና እናቴም ነጠላ ላይ አየሁት። እናቴ የእኔን መድኃኒት እንደ ጠበል ለጎረቤት አድላዋለች። በእኛ አገር ጎረቤት እያየ ብቻን መቅመስ ነውር ነው፤ መድኃኒትም ቢሆን። እኔ ግን ተቃጠልሁ። ምላጩ የሚያርፈው በእኔ አንገት ላይ ነዋ። ሁለት ቀን አላናገርኋትም።

በሚቀጥለው ገበያ ክሊኒክ ተመለስን። እናቴ አንድም ሳትደብቅ ተናዘዘች።

«ሐኪም፣ ልጄን በድያታለሁ። ሴቶቹ አንገታቸውን ይዘው ደጄ ሲቆሙ ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

ይቆጣል ስል ድሬሰሩ ሳቀ። «እትዬ፣ እኔ ኑ ብዬ ለምኜ አንዳቸውም አልመጡልኝም። ይኸው ሌላ ጠርሙስ፤ ይህ ግን የልጅቱ ብቻ ነው። ሴቶቹን ይዘዋቸው ይምጡ፤ አይቼ ለየራሳቸው የሚሆነውን እሰጣለሁ።»

በሳምንቱ እናቴ የመንደሩን ሴት አስከትላ የክሊኒኩን ደጅ ሞላችው። እኔም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ሳልዘል ጠጣሁ። ሰኔ ሚካኤል ደረሰ፤ ባለመድኃኒቱም ምላጩን ይዞ መጣ። አባቴ ብርሃን ላይ አውጥቶ አንገቴን ዳበሰ። ቆየት ብሎ ደግሞ ዳበሰ።

«ይችን ተዋት» አለው፤ ጠላ አጠጥቶም ሸኘው። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም።

ዛሬ ጎንደር ከተማ ስኖር «አዮዲን ያለው» ተብሎ የተጻፈበት ጨው በላስቲክ ታሽጎ እገዛለሁ። ልጄ ታይሮይድ አለብሽ ተብላ ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ውጣ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ማንም ምላጭ አልሳለላትም። የድሮው ይሻላል ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ያሁኑ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል። ያን ቀን ሴቶቹ ተሰልፈው መድኃኒት ሲቀበሉ እናቴ ሰልፉ ውስጥ አልነበረችም። የእሷ እንቅርት ከሁላቸውም ይበልጥ ነበር። ካደግሁ በኋላ ለምን እንደተወችው ጠየቅኋት።

«ለራሷ ብላ ነው የሰበሰበችን እንዳይሉኝ» አለችኝ።

ከነእንቅርቷ ቀበርናት።