ለጠብ የተጠና እንግሊዝኛ

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነው የሚላት። ግማሹ በሙያዋ ነው፤ ከቤቷ ጎን ትንሽ ፀጉር ቤት አላት። ግማሹ ግን በምላሷ ነው። መቀስ አፏን ከከፈተች ፊቷ የሚቆም የለም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በሯን ዘግቶ ቆሞ አንዴ ምላሷን ከቀመሰ ወዲህ፣ ያንን መንገድ ትቶ በሌላ ይዞራል ይባላል።

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ የፀጉር ቤቷ ኮርኒስ ማንጠባጠብ ጀመረ። ፀጉሯን በቢጉዲን ተጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች ደንበኛ «ላብ ነው መሰለኝ» ብላ አንገቷን ስትጠርግ፣ ሁለተኛው ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። መቀስ ሮጣ ሳፋ ደቀነችና ቀና ብላ እየሰፋ የሚሄደውን እርጥበት አየች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ቆይ፣ ይቺን ሴትዮ ዛሬ አሳያታለሁ!»

ሴትዮዋ ከላይ ያለው ፎቅ ላይ በቅርቡ የገባች የውጭ አገር ሰው ናት፤ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነች ይላሉ። መቀስ ደረጃውን በንዴት ወጥታ በሩን ደበደበችው። ረጅም፣ ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ ሴት ከፈተችና ፈገግ ብላ «ሃሎው!» አለች።

መቀስ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ከዳት። ያላት እንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ» ብቻ ነው፤ በሁለቱ ደግሞ ሰው አይጣላም። «የስ» አለችና ዞራ ወረደች።

«እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም» አለች እራት ላይ። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሳቁን ሊደብቅ ውሃ ቢጎነጭ ትን አለው። መቀስ እሱን ትታ ፋርማሲ ወደምትሠራው ልጇ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ሁሉ ዓመት የተማርሽውን እንግሊዝኛ እስቲ ዛሬ አውጪው። አስተምሪኝ።»

«ምን ማለት ፈልገሽ ነው እማዬ?»

«በመጀመሪያ፣ ለመሆኑ ዓይን የለሽም ወይ?»

«ኧረ እንደሱ አይባልም! ‹ኤክስኪውዝ ሚ› ብለሽ ነው የምትጀምሪው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ይቅርታ።»

መቀስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ውሃ የደፋችብኝ እሷ፣ ይቅርታ የምለው እኔ?»

«አባባሉ ነው እንጂ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ከዚያ ‹አይ አም ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ› ትያለሽ፤ ስላስቸገርኩሽ አዝናለሁ።»

«አሁንም አዝናለሁ! በዚህ ቋንቋ ሰው የሚቆጣው መቼ ነው?»

«እኔም አንድ አውቃለሁ» አለ ባሏ ትንታው ሲለቀው። «የውጭ አገር ሰው ሲሳፈር እላት የነበረች። ‹ሙቭ ባክ!› ወደ ኋላ ጠጋ በሉ።»

«ጠጋ በይ ብዬ ምን ላደርጋት ነው? ፎቁ ጠበበኝ አላልኩ!»

ቢሆንም ልጅቷ «ውሃሽ ቤቴ እየገባ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠቻት። በሚቀጥሉት ቀናት መቀስ ቢጉዲን ስትጠቀልል «ዩር ዋተር»፣ ፒን ስትሰካ «ኢዝ ካሚንግ»፣ ካስኩን ስታወርድ «ኢን ማይ ሃውስ» እያለች ዋለች። ደንበኞቿም አብረው ያዙት። አንዷ ስትረሳ ሌላዋ ከመስታወቱ ውስጥ ታርማታለች። ሳፋው እስከዚያ ይሞላል፣ ይደፋል፣ ይሞላል።

ቃሉ ምላሷ ላይ ሲለሰልስላት ደረጃውን ወጣች። በሩ ተከፈተ፤ ያቺው ፈገግታ። ያ ሁሉ ጥናት ብን ብሎ ጠፋ።

«ኤክስኪውዝ ሚ…» አለች ላብ እያጠመቃት። «ዋተር… ፕሊስ።»

የሴትዮዋ ፊት በራ። ወደ ውስጥ ሮጣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛላት መጣች።

መቀስ ብርጭቆውን አየችው። እንቢ ማለት ነውር መሰላት፤ ደረጃውም አድርቋት ነበር። ግጥም አድርጋ ጠጣችና «ታንክ ዩ» አለች። ወዲያው በራሷ በገነች። ጠላቴ ያለቻትን ሴት አመሰገነቻት እኮ! ከዚህ በኋላ በቃል አልሞከረችም። የሴትዮዋን እጅ አፈፍ አድርጋ፣ በነጠላ ጫማዋ እንዳለች እየጎተተች ወደ ታች አወረደቻትና ኮርኒሱን አሳየቻት። ከዚያ ሳፋውን። ከዚያ ካስክ ስር ጃንጥላ ዘርግታ የተቀመጠችውን ደንበኛ።

ሴትዮዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ኦ ኖ! ኖ ኖ ኖ! አይ አም ሶ ሶሪ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መቀስ ያንን ሁሉ ቀን ያጠራቀመችው ቁጣ መድረሻ አጣ። «ኖ ፕሮብሌም» አለች፤ ከየት እንዳመጣችው ግን እሷም አታውቅም።

የቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤ የልብስ ማጠቢያው ማሽን የውሃ ጎማ ተሰንጥቆ ኖሮ ቀየረው። መሐንዲሷም በዚያው ሳምንት ፀጉሯን ልትቆረጥ ወረደች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጫፉን በጣቶቿ እያሳየች «ጀስት ኤ ሊትል» አለች። ሊትልን መቀስ ከልጇ ይዛታለች፤ ትንሽ ማለት ነው። ትንሽ እንዲቀር ፈልጋ ነው ብላ በሙሉ ልቧ ቆረጠችው።

ሴትዮዋ ከስልኳ ላይ ቀና ስትል ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ነበር። መቀስ የሆነው ሲገባት ማበጠሪያዋን ደረቷ ላይ ይዛ «አይ አም ሶሪ» አለች። ማንም አላስታወሳት፣ ማንም አላስጠናት፤ ከአንጀቷ ወጣ። ሴትዮዋ ማጅራቷን ዳሰሰች፣ ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ደንበኞቹም ሳቁ። መቀስ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሻይ አፍልተው ያባበሏት ደንበኞቿ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሷ ፀጉሯን ሌላ ቦታ አስነካች የሚል ወሬ አልተሰማም። በየሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ መቀስ ፀጉሯን እየሠራች ትጠይቃታለች፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያስ? አንዱን ቃል ሲያጡት በእጅ ይጨርሱታል።

መንገዱ አልቆ መሐንዲሷ ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር መቀስ ጭንቅ ያዛት። በስልክ እጅ አይታይ፣ መስታወት የለ! የመጀመሪያው ቀን «ሃሎው» ተባብለው፣ ተሳስቀው ዘጉት። አሁን ግን ስልኩን መደርደሪያው ላይ ታቆመዋለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ፀጉር እየጠቀለለች የሳምንቱን ወሬ ታወርድላታለች። በቀደም ከሥጋ ሻጩ ጋር የተጣላችውን ስትነግራት ልጇ ደርሳ ነበር።

«ሂ ቶክ» አለች መቀስ ፒኑን በጥርሷ ይዛ። «አይ ቶክ። ሂ ኖ ቶክ!»

«‹ቶክድ› ነው እማዬ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ አታቋርጪኝ። እሷ እየሳቀች ነው፣ አትሰሚም?»