በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ

ሰመራ ላይ አስፋልቱን ሳንቆርጥ ከሥሩ ሰርስረን የውሃ ቱቦ እናሳልፋለን። የመሰርሰሪያው ጫፍ ከምድር በታች የት እንደደረሰ በሲግናል የሚነግረን ጠቋሚ ግሎ ተቃጠለ። አለቃዬ ሌላ እንዳመጣ አዋሽ ላከኝ። "የምታመጣውም መንገድ ላይ ከጋለ ሥራችን አበቃ" አለኝ።

ክንድ የማያህል ብረት ነው። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ታቀፍኩት። ውሃ እረጨዋለሁ፤ በእጄ ጀርባ ሙቀቱን እየዳሰስኩ አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ የወሎ እናት ሲያዩኝ ቆዩና፣ "አብሽር ልጄ፣ አላህ ያሽረዋል። ስንት ወሩ ነው?" አሉኝ።

"ስምንት" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ክረምት ላይ ወባ የገደለው ልጄ ስምንት ወሩ ነበር።

"የታመመ ሕፃን አለ፣ ውሃ አቀብሉ!" ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ የያዘውን ውሃ አቀበለ። ጠቋሚው እንዲቀዘቅዝልኝ ብዬ እየተቀበልኩ ፎጣው ላይ አፈሰስኩት።

"ፊቱን አታፍነው እንጂ!" ብለው ሴትዮዋ ፎጣውን ገለጡት። ብረቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ያ ረቢ! ልጁንስ የት ጣልከው?"

"ቀበርኩት፣ እማማ" አልኳቸው።

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠው።